ስለ ደንና ስለ ቤታችን ምድጃ

በፍርድ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ሰው የሌላውን ሰው ጥፋት ሲጽፍ ይውላል። ቀለሙ የእርሱ፥ ነገሩ ግን የሌላ ነው እያለ ስለሚያስብ፥ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ኅሊናው ዕረፍት አያጣም። እኛም በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ስንኖር እንዲሁ ስናስብ ኖረናል። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር የጻፍነው አንድ አጭር ውሳኔ ይህን አሳባችንን አፈረሰብን። ነገሩም ቤት ላለውና ምድጃ ለሚያነድ ሰው ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፥ ለአንባቢዎቻችን ልንተርከው ወደድን።

በዚያ ቀን ከቀረቡት ተከሳሾች አንዱ፥ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት የማይሞላ፥ ከወንዶ ገነት ተራራ ሥር የመጣ ገበሬ ነበረ። የተከሰሰበትም ነገር ያለ ፈቃድ ከተፈጥሮ ደን ዛፍ ቈርጦ ከሰል አክስሎ፥ ስድስት ጆንያ በጋሪ ጭኖ ወደ ሐዋሳ ከተማ ሲገባ በሌሊት መያዙ ነው። ክሱ በተነበበለት ጊዜ አልካደም። ዳኛው «ሕጉ እንደሚከለክል ታውቅ ነበርን?» ብለው ቢጠይቁት፥ «አውቃለሁ፥ ጌታዬ» አለ። «ካወቅህ ስለ ምን አደረግኸው?» ቢሉት፥ «የሚገዛኝ ስላለ ነው» ብሎ መለሰ። ይህንም ሲል ዓይኑን ከዳኛው አንሥቶ ለአንድ አፍታ ወደ እኛ ጠረጴዛ አየና እንደ ገና ወደ ምድር አቀረቀረ።

እኛም ያን ጊዜ አወቅነው። በየወሩ መጀመሪያ በጓሮአችን በር ሁለት ጆንያ ከሰል የሚያራግፍልን ያ ሰው ነበረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእጁ ገዝተናል፤ በበዓል ቀን ከቤታችን እንጀራ በልቷል፤ ስሙን ግን ያወቅነው በዚያ ቀን ከክሱ ወረቀት ላይ ነው። እርሱ ሊያጋልጠን ይችል ነበር፤ አላደረገውም። እኛም እውነቱን ልንናገር እንችል ነበር፤ አልተናገርንም። የዳኛውን ቃል እየተከተልን ጥፋተኛ መባሉን፥ በገንዘብ መቀጣቱንና ከሰሉ መወረሱን በጥሩ ጽሕፈት ጻፍን። የተወረሰውም ከሰል ከጥቂት ሳምንት በኋላ በጨረታ ተሸጦ፥ በዚያው በከተማው ውስጥ ነደደ።

በዚያ ማታ ወደ ቤት በገባን ጊዜ ባለቤታችን እንደ ልማዷ ቡና ቈልታ፥ ጀበናውን ጥዳ ጠበቀችን። ከጀበናው በታች ፍሙ ቀልቶ ይታያል። ስኒውን ተቀብለን ሳንጠጣ ስለ ቆየን፥ አብረውን የሚኖሩት አማታችን «ምን ሆነሃል ልጄ? ነገር ከበደህን?» አሉን። እኛም የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ባለቤታችን አስቀድማ ያሰበችው የሰውየውን ልጆች ነበርና፥ ቅጣቱን ከምን አምጥቶ እንደሚከፍል ጠየቀችን። አማታችን ግን ዝም ብለው ፍሙን ሲመለከቱ ቆይተው፥ እንዲህ ሲሉ ተናገሩ።

«እኔ ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ደጅ ጀምሮ እስከ ተራራው ራስ ድረስ ዛፍ ነበረ። ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ ጉሬዛው ከራሳችን በላይ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘል ነበር። እናቴ እንጨት ልቀሚ ስትለኝ የወደቀውን ማለቷ ነበረ እንጂ የቆመውን አልነበረም። በፊቼ በዓል ሽማግሌዎቹ የአገራችንን ዛፍ አትቁረጡ፥ በሐሰትም አትመስክሩ እያሉ ይመክሩን ነበር። እኛ ግን ዛሬ በዓሉን እናከብራለን፤ ምክሩን ረሳነው።»

የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፥ ይህ የሽማግሌዎች ምክር ከበዓሉ ቁም ነገሮች አንዱ ሆኖ ተጽፏል። አማታችን ዛፍ ስለ መቁረጥና በሐሰት ስለ መመስከር በአንድ ትንፋሽ ሲናገሩ፥ ሁለቱም ነገር በአንድ ቀን በእኛ ላይ እንደ ደረሰ ልባችን ነገረን። መናገር ሲገባ ዝም ማለት ከሐሰት ምስክርነት ብዙ አይርቅምና።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አማታችንንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን፥ ከከተማችን በስተ ምሥራቅ ከሚታየው ተራራ ግርጌ ወደ ወንዶ ገነት ሄድን። በዚያ በ1970 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመውና ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሆነው የደን ትምህርት ቤት አለ፤ በአጠገቡም ከቀድሞው ደን የተረፈው በገደሉና በሸለቆው ተጠግቶ ይታያል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ግን እንሰት፥ ሸንኮራ አገዳ፥ ይልቁንም ጫት ነው። አማታችን ከመኪናው ወርደው፥ ቤታቸው የነበረበትን ስፍራ በአንድ ትልቅ ሾላ ለይተው አሳዩን። ከሾላው በላይ ያለው ዳገት እስከ ወገቡ ድረስ ታርሷል።

ከዛፎቹ ጥላ በገባን ጊዜ ታናሿ ልጃችን «አባባ፥ ለምን በረደ?» ብላ ጠየቀችን። እኛም በልጅነታችን በሁለት ትምህርት ቤት የተማርነውን አንድ አድርገን ልናስረዳት ሞከርን። በመጀመሪያ ፊደልና ዳዊት የተማርነው በአንድ የገጠር ደብር፥ በጽድና በወይራ ሥር ተቀምጠን ነው። ከግቢው ውጭ ያለው አገር ሁሉ ተራቁቶ ሳለ የደብሩ ዛፍ አይነካም ነበር፤ በደቡብ ጎንደር ብቻ እንኳ እንደዚህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከ1,000 ይበልጣሉ። ቀጥሎም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የነበሩት መምህራችን አንድ ቀን የበሰበሰ ቅጠል አምጥተው፥ በአጉሊ መነጽር እንድናይ አደረጉን። በዓይን ሙት መስሎ የታየን ቅጠል በመነጽሩ ውስጥ በነጫጭ የሻጋታ ክርና በጥቃቅን ነፍሳት ተሞልቶ አየነው። መምህራችንም «የደን ጎተራ ይህ ነው» አሉን። ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ደን ማለት ብዙ ዛፍ በአንድ ስፍራ መቆሙ ብቻ አይደለም፤ እንደ ታላቅ ቤት ደርብ በደርብ የተሠራ ነው። በላይኛው ደርብ ቀራሮና ዝግባ 30 እና 40 ሜትር ያህል ቁመት ይዘው ፀሐይንና ነፋስን ይቀበላሉ። ከእነርሱ በታች ዋንዛ፥ ብሳና፥ ሰሳና ብርብራ ይቆማሉ። በሦስተኛው ደርብ ጥላ የሚወዱ ትንንሽ ዛፎችና ሐረጎች አሉ፤ በምድር ላይም የወደቀው ቅጠል እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ዝናብ በኃይል ሲወርድ በየደርቡ ጉልበቱ ይሰበርና፥ ወደ ቅጠሉ ምንጣፍ በቀስታ ይደርሳል፤ ከዚያም ሥሮች በከፈቱት ቀዳዳ ወደ ምድር ውስጥ ሰርጎ፥ ከወራት በኋላ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ምስጥና ሻጋታ የወደቀውን ሲያበሰብሱ፥ ሥሮቹ ደግሞ መልሰው ይሰበስቡታል። ስለዚህ የደን ሀብት ተከማችቶ የሚቀመጥ ሳይሆን ሁልጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ገንዘብ ነው። ዛፉ ከተነሣ ግን ዙሩ ይቆማል፤ በቁልቁለት ላይ ያለውንም አፈር ዝናቡ በጥቂት ክረምት አጥቦ ይወስደዋል።

እንስሳቱም በዚህ ቤት ሥራ ፈቶች አይደሉም። ቀንድ የመሰለ ትልቅ መንቁር ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ የሾላን ፍሬ በልቶ፥ ዘሩን ርቆ ሄዶ ይጥለዋል። ይልቁንም አስደናቂው ነገር፥ ከደኑ ታላላቅ ዛፎች የብዙዎቹ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ መቆየት የማይችል መሆኑ ነው። ወዲያው ይበቅላል ወይም ይሞታል፤ የሚበቅለውም ችግኝ ገና ለጋ ሳለ የእናቱን ጥላ ይፈልጋል። እንግዲህ እናት ዛፎቹ ሁሉ ከተቆረጡ በኋላ መሬቱን አጥሮ መተው ብቻውን ደኑን አይመልሰውም። በቦታው ባሕር ዛፍ ቢተከል ምድሩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ጠቃሚም እንጨት ይገኛል፤ ነገር ግን ደርቡም፥ ወፉም፥ የቅጠሉም ጎተራ እንደ ቀድሞው አይመጣም።

የወንዶ ገነት ደን እንደ ምዕራቡ አገር ደን ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የሚወርድበት አይደለም። እርጥበቱ የበዛው ደናችን በባሌ ተራራ በስተ ደቡብ ቁልቁለት ያለው ሐረና፥ እንዲሁም የካፋ፥ የሸካና የያዩ ደን ነው። በእነዚህ ደኖች ሦስተኛ ደርብ ውስጥ፥ ማንም ሳይተክለው፥ ቡና ይበቅላል። ዓለም ሁሉ ዐረቢካ እያለ የሚጠጣው ቡና የእነዚህ ደኖች ልጅ ነው። ካፋና ያዩ በ2002 ዓ.ም.፥ ሸካም በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ ጥብቅ የሕይወት ክልል ተብለው ተመዝግበዋል፤ ሐረናን የሚያቅፈው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ይህም ለክብር ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ የሚያደርቅ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ መድኃኒት የሆነው፥ በዚሁ በአገሩ ቡና መካከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ተፈልገው መገኘታቸው ነው። ደኑ ቀድሞ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ፈላጊው ወዴት ይሄድ ነበር?

እንግዲህ በዚያ ማታ በፊታችን የነበረው ነገር ይህ ነው። የደን ልጅ የሆነውን ቡና፥ ደኑን ባጠፋ ከሰል እያፈላን እንጠጣ ነበር። በአፈር ተሸፍኖ በሚከስል ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ወደ ሐዋሳ የሚገባው ከሰል ብዙው የቆላ ግራር እንጂ የተራራው ዛፍ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ደኑንም ከሰል ብቻ አላጠፋውም። እርሻ፥ ጫት፥ ግጦሽና ሳንቃ ከዚያ የሚበልጥ ወስደዋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜም በብዙ ስፍራ ጠባቂ ያጣ ደን ተቆርጧል። በሰው ሠራሽ ሳተላይት የተነሡ ሥዕሎችን ያነጻጸሩ ሊቃውንት እንዳሳዩት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1972 በዚህ በእኛ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከመቶው 16 እጅ የነበረው የተፈጥሮ ደን በ2000 ከመቶው 3 እጅ እንኳ አልሞላም። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ዕድሜ አጋማሽ ውስጥ ነው፤ አማታችን በዓይናቸው ያዩት ነው።

የተራራው ነገር በተራራው የሚቀር የሚመስለው የከተማ ሰው ካለ ይሳሳታል። ከወንዶ ገነት የሚወርዱት ምንጮችና ጅረቶች ይሰበሰቡበት የነበረው ጨለለቃ ሐይቅ ዛሬ ረግረግና የከብት መሰማሪያ ሆኗል። ውኃው ወደ እርሻ ተጠልፏል፤ ከተራቆተው ዳገት የታጠበውም ደለል ሆዱን ሞልቶታል። ከዚያ የሚወጣው ጥቁር ውኃ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስለት ወንዝም እርሱ ብቻ ነው። ሐይቃችን ደግሞ በምድር ላይ መውጫ የለውም፤ የገባው ደለል በዚያው ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. በዚህ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረችው ከተማችን ዛሬ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆና ሰፍታለች፤ ምድጃዋም በዝቷል። በአሞራ ገደል ቆሮሶና አምባዛ የምንገዛበት ሐይቅ፥ በከሰላችን ምክንያት የተቆረጠውን ተራራ አፈር የሚቀበል መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን?

ነገሩ በሩቅ አገርም እንዲሁ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ያለው ታላቅ ደን ከቅጠሉ የሚያወጣው እንፋሎት በነፋስ ተጭኖ፥ ከደኑ ርቆ ላለው ገበሬ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። በዚያም ዛፉ የሚወድቀው በአንድ ስፍራ ነው፤ ከሥጋውና ከእህሉ ገዢዎች ግን ባሕር ተሻግሮ የሚገኝ ብዙ ነው። መጥረቢያውን የያዘውን ማየት ቀላል ነው፤ ዋጋውን የከፈለውን ማየት ግን ያስቸግራል።

በኅዳር ወር መጀመሪያ ያ ሰው ባዶ እጁን ወደ ጓሮአችን በር መጣ። እኛ አፍረን ሳለን እርሱ «እንደምን አሉ ጋሼ» ብሎ ሰላምታ ሰጠን። አስገብተን ካስቀመጥነው በኋላ፥ በዚያ ቀን ስለ ምን እንዳላጋለጠን ጠየቅነው። «ደንበኛዬ አይደሉምን? እርስዎን ባጣ ማን ይገዛኛል?» አለን። ደኑ ሲያልቅ ልጆቹ ምን እንደሚሆኑ ብንጠይቀው ግን ፊቱ ተለወጠና እንዲህ አለን። «ጋሼ፥ እኔ የማስብ አይመስልዎትም? ምንጫችን በበጋ እየደረቀ ሚስቴ ውኃ የምትቀዳው ከሩቅ ነው። ነገር ግን ደኑ የማን ነው? የእኔ ቢሆን እጠብቀው ነበር። እኔ ዛሬ ብተወው ነገ ጎረቤቴ ይቆርጠዋል፤ እኔም ደኑንም ከሰሉንም አጥቼ እቀራለሁ።»

ለዚህ ቃል መልስ አጣን። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ከታወጀ ወዲህ፥ ከደን ዳር የሚኖረው ሰው ደኑን የሚያየው እንደ ማንም ያልሆነ ነገር እንደ ሆነ ከመዝገቦቻችን ብዙ ጊዜ አይተናል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ግን ማኅበረሰብ የራሱ ደን ሊኖረው እንደሚችል ይፈቅዳል። ከዚያም አስቀድሞ በባሌ በአዳባና በዶዶላ፥ በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው፥ ደኑን በውል ተረክበው እየጠበቁ ከእርሱ እንዲጠቀሙ ተደርጓል። ቅጣት ብቻውን አንድን ሰው ከአንድ ዛፍ ያርቀው ይሆናል፤ ደኑን የሚጠብቀው ግን የእኔ ነው የሚል ሰው ሲገኝ ነው። ይህን አንብበን ለሰውየው አስረዳነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ተማክሮ ማመልከቻ ማቅረብ ቢፈልግ ያለ ዋጋ እንደምንጽፍለትም ነገርነው። እስካሁን ሁለት ጊዜ ጽፈናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ስለ ዝምታችንም ዕረፍት ስላጣን፥ አንድ ቀን ከችሎት በኋላ ወደ ዳኛው ገብተን የከሰሉ ገዢ እኛ እንደ ነበርን ነገርናቸው። ይቈጡናል ብለን ስንጠብቅ፥ መነጽራቸውን አውልቀው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም «በእኔስ ቤት ቡናው በምን የሚፈላ ይመስልዎታል?» አሉን። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የምንናገረው ጠፋን።

በቤታችን የሆነውን ለመናገር ያህል፥ ባለቤታችን በወር ሁለት ጆንያ የነበረውን ከሰል ወደ ግማሽ ጆንያ አውርዳዋለች። ወጡና ሻዩ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ኤሌክትሪኩ በጠፋ ቀን ከሰል ቈጣቢ የሆነው ላቀች የሚባለው ምድጃ ይነዳል። ቡናው በጀበናና በፍም የሚፈላው በእሑድና በበዓል ቀን ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን አማታችን «ጣዕም የለውም» እያሉም ቢሆን ከኤሌክትሪክ ምድጃ የወረደውን ይጠጣሉ። የምንገዛውንም ጥቂት ከሰል ሻጩ የራሱን ባሕር ዛፍ አክስሎ መሸጡን ጠይቀን እንወስዳለን። ይህ ፍጹም መፍትሔ ነው አንልም። የአንድ ቤት ጆንያ ተራራውን አያለብሰውም።

ያ ሰው አሁን በየወሩ መጀመሪያ ከእርሻው አቡካዶና ሸንኮራ አገዳ ያመጣልናል። የምንከፍለው ዋጋ ግን ለከሰሉ ከምንከፍለው ያነሰ ስለ ሆነ፥ ኪሣራው እስካሁን በእርሱ ላይ ነው፤ ይህን ልንሰውር አንፈልግም። ባሕር ዛፍ በማሳው ዳር ተክሏል፤ ለቆረጣ እስኪደርስ ጥቂት ዓመት ይጠብቃል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ሕግ የሚያወጣ፥ የሚፈርድም፥ የሚያስተዳድርም አለ። ሁላችሁም ደግሞ ምድጃ አላችሁ። ስለ ደን አዋጅ ከመናገራችን በፊት፥ ዛሬ ማታ ወደ ማድ ቤት ገብተን «ይህ ከሰል ከየት መጣ? ያመጣውስ ሰው ማን ይባላል?» ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው። እኛ የሰውየውን ስም የጠየቅነው ከሦስት ዓመት በኋላ፥ እርሱም በክስ ወረቀት ላይ ነበረ።